ቺፕ የገባለት የጨዋታ መኪና ስለ ምን ዘግይቶ ይነሣል? ከላስታ ደጋ አንጻር የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

ታሪክ ማለት የነገሥታት ዜና መዋዕልና የጦር ሜዳ ውሎ ብቻ ለሚመስለው ሰው የዚህ ጽሑፍ ርእስ እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም። የዛግዌ ነገሥታት መናገሻ የነበረውን የላስታን አገር፣ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉበትን የላሊበላን ከተማ ይዞ ስለ ወጣቶች መጫወቻ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን መሣሪያም እንደ ሰው ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ሕመሙም አይታወቅም። እኛ ለመመርመር የተነሣነው አንድ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ነው። ይኸውም የፋብሪካ ሥራው ተለውጦ ቺፕ የገባለት ወይም በዘመኑ አነጋገር «ጄልብሬክ» የተደረገ የጨዋታ መኪና ከተበራ በኋላ ለመክፈት ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

«መኪና» ስንል አንባቢ ተሽከርካሪ እንዳይመስለው። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደሚባለው ሁሉ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ኳስና ውጊያ የሚያጫውተውን ሣጥን የጨዋታ መኪና ብለነዋል። ወጣቶቹ ግን ብዙውን ጊዜ ፕሌይስቴሽን ይሉታል፤ የሚከራይበትንም ቤት ፕሌይስቴሽን ቤት ይሉታል።

ፕሌይስቴሽን ቤት በኢትዮጵያ ከተሞች የታወቀ ነገር ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ገመዳቸው የተጠጋገነ ጆይስቲኮች፤ ዕቃው ይህ ነው። ሒሳቡ የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለ ሆነ መኪናው ሳይከፍት የሚያልፈው ደቂቃ ሁሉ ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ ነው። ላሊበላን በመሰለ ከተማ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የከተማይቱ ኑሮ በአብዛኛው በእንግዳ ገቢ ላይ የቆመ ሲሆን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በዚያም ጦርነት የተነሣ መብራት ለወራት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ዘመን በትንሽ ንግድ የሚተዳደር ወጣት መብራት በመጣ ጊዜ መኪናው ፈጥኖ ካልተነሣለት፣ መብራቱ ተመልሶ እስኪሄድ ድረስ ያለችውን ሰዓት በከንቱ ያሳልፋታል።

በዚህ ጊዜ የተለመደው መፍትሔ «ፎርማት አድርገው» የሚል ነው። ይህ ምክር ብዙ መኪና ገድሏል ብንል አላጋነንም። መዘግየቱ አንድ ሕመም ሳይሆን በየዘመኑ በላዩ ላይ የተጨመሩት ነገሮች ሁሉ ድምር ነው። እያንዳንዱ ጭማሪ በጊዜው ምክንያት ነበረው። የትኛው ጭማሪ መቼና ለምን እንደ ገባ የማያውቅ ጠጋኝ ደግሞ ሁሉን ጠርጎ ይጥላል፤ ከሁሉም ጋር መኪናውን የሚያስነሣውን ይጥላል።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ወደ ጃፓን መሄድ ያስፈልጋል። ሶኒ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ለገበያ ያወጣው ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ጨዋታው የሚሸጠው በሲዲ ላይ ስለ ነበር ማንም ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሊያባዛው ይችል ነበር። ኩባንያው ይህን ለመከላከል በሲዲው ውስጠኛ ዳር ላይ አራት ፊደል ያህል ምልክት ሰወረ። ምልክቱ ለጃፓን፣ ለአሜሪካና ለአውሮጳ የተለያየ ነው፤ ተራ የሲዲ መቅጃም ሊጽፈው አይችልም። መኪናው በተበራ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ምልክት ይፈልጋል፤ ካላገኘ ጨዋታውን አይከፍትም። «ቺፕ» የተባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። በጥቂት ገመድ ተበይዶ ሲዲው ያልያዘውን ፊደል በራሱ ለመኪናው ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ይህ የመጀመሪያው ለውጥ መኪናውን ይህን ያህል ያላዘገየው መሆኑን ነው። በዚያ ዘመን ፕሌይስቴሽን ሲዘገይ ጥፋቱ በአብዛኛው ሲዲውን የሚያነበው ዐይን ማርጀቱ ነበር። መኪናውን በጀርባው ገልብጦ ማጫወት የዚያ ዘመን ታዋቂ ዘዴ ነው፤ ያረጀው ዐይን ሲገለበጥ ወደ ሲዲው ቀረብ ይልና ያነባል። ያየ ሰው ጥንቆላ ይመስለው ነበር።

ቺፕ በእኛ አገር ስለ ምን እንደ ተስፋፋ ብዙ መመራመር አያሻም። ኩባንያው በኢትዮጵያ የመሸጫና የመጠገኛ ቤት ሳይከፍት መኪናው ግን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣና በነጋዴ እጅ ገባ። የዋናው ሲዲ ዋጋ ከተማሪ አቅም በላይ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. እንኳ ኢትዮጵያ ኩባንያው የኔትወርክ አገልግሎቱን በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች መካከል አልነበረችም። በሌላ ወገን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ የደራሲና የሠሪ መብት በሕግ ተጠብቋል። ማባዛቱ በሕግ ፊት ምን እንደሚባል መፍረድ የሕግ ተማሪዎች ፈንታ ነው፤ እኛ የምንጽፈው የሆነውን ነው።

ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን በጃፓን የወጣው የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚህ መኪና ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተሸጠ የቤት ውስጥ የጨዋታ መኪና የለም። ለርሱ የተሠሩት ቺፖች ግን እንደ ቀድሞው በጥቂት ገመድ የሚበቁ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ከ20 በላይ ገመድ ይጠይቁ ነበር። ከነዚህ አንዱ በቀዝቃዛ ብየዳ ከተያያዘ መኪናው አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል፣ ሌላ ጊዜ ጨርሶ እንቢ ይላል። እንደዚህ ያለ ወላዋይነት ሲታይ መጠርጠር ያለበት ብየዳው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ብረት መበየድ አላስፈለገውም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. «ፍሪ ማክቡት» የሚባል ፕሮግራም ወጣ። መኪናው ሲነሣ የራሱን ማሻሻያ በሚሞሪ ካርድ ላይ የመፈለግ ልማድ ስለ ነበረው፣ ፕሮግራሙ ማሻሻያ መስሎ በካርዱ ላይ ይቀመጥና መኪናው በገዛ እጁ እንዲያስገባው ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ብልሃቱ ያስደንቃል። ቀጥሎ «ኦፕን ፒኤስቱ ሎደር» የሚባለው ፕሮግራም ጨዋታውን ከሲዲ ሳይሆን ከፍላሽ፣ ከሃርድ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከሌላ ኮምፒዩተር እንዲጫወቱ አስቻለ። ዐይኑ ያረጀ መኪና ሁሉ በዚህ ዳነ።

የመዘግየቱ ዋና ታሪክ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ፍላሽ አዲስ ነገር ስለ ሆነ ፈጣን ይመስላል፤ የመኪናው የፍላሽ ቀዳዳ ግን የ1992 ዓ.ም. ሥራ ነው። ዩኤስቢ 1.1 የተባለው ደረጃ በሰከንድ 12 ሜጋቢት፣ ማለት ቢበዛ 1.5 ሜጋባይት ብቻ ያሳልፋል፤ በተግባር ከዚያም ያነሰ ነው። የመኪናው የራሱ ዲቪዲ ማንበቢያ ግን በሰከንድ እስከ 5 ሜጋባይት ያህል ያነባል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት 30 ሜጋባይት መጫን ቢኖርበት ከዲቪዲ 6 ሰከንድ ያህል ሲበቃው ከፍላሽ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይፈልጋል። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ትልቅ፣ ውድ፣ «ሦስት ነጥብ ዜሮ» የተጻፈበት ፍላሽ ይገዛል። ገንዘቡ ይወጣል፤ መኪናው እንደ ነበረ ይቀራል። ሰፊ ወንዝ በጠባብ ቦይ ሲገባ ውኃው የሚለካው በቦዩ ነውና።

ኳስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ለሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ከወጡት የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች አንዱ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የወጣው «ፒኢኤስ 2014» የተባለው የኮናሚ ኳስ ነው። የመኪናው ሥራ በ2005 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ እንዲቆም ከመደረጉ በላይ ጨዋታውም ከዚያ ወዲያ አልታደሰም። ኳስ ተጫዋች ግን በየዓመቱ ቡድን ይለውጣል። ወጣቱ አርሴናልንም ማንችስተርንም ዛሬ ባሉበት አሰላለፍ ማየት ስለሚፈልግ በየአገሩ ያሉ አፍቃሪዎች የተጫዋቾቹን ስምና ማልያ እየለወጡ ጨዋታውን በየዓመቱ ያድሱታል። የታደሰው ይመጣል፤ አሮጌው ከፍላሹ ይሰረዛል፤ አዲሱ በተሰረዘው ቦታ ይጻፋል፤ ቦታው ካልበቃው የቀረው ክፍል ወደ ሌላ ማዕዘን ይሄዳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት አንዱ ጨዋታ በፍላሹ ላይ ተበታትኖ ይገኛል። ይህ ፕሮግራም የሚወደው ደግሞ ጨዋታው ሳይቆራረጥ በተከታታይ መቀመጡን ነው፤ ሲቆራረጥ ይዘገያል ወይም ጭራሽ አይከፍትም። መድኃኒቱ በፍላሹ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ፣ ፍላሹን በፋት 32 ሥርዓት አጽድቶ፣ ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ መመለስ ነው። «ፎርማት» የሚለው ምክር እውነት የሚሆንበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ያውም የሚጸዳው ፍላሹ እንጂ ፍሪ ማክቡት ያለበት ሚሞሪ ካርድ አይደለም። ካርዱ 8 ሜጋባይት ብቻ ቢይዝም እርሱ የጠፋ ዕለት መኪናው ተራ የዲቪዲ መኪና ሆኖ ይቀራል፤ የተጫዋቾቹም የሊግ ውጤት አብሮ ይጠፋል።

ጨዋታው ከተመረጠ በኋላ የሚታየው መዘግየት ከላይ እንዳልነው ነው። የጨዋታው ዝርዝር ራሱ ከመታየቱ በፊት የሚሆነው መዘግየት ግን ሌላ ምንጭ አለው። ብዙ ሰው የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከሌላ ሰው ካርድ ላይ ገልብጦ ይወስዳል። የመጀመሪያው ባለቤት በኔትወርክ ገመድ የሚጫወት ከነበረ መኪናው በተነሣ ቁጥር ያንን ገመድና ያንን ኮምፒዩተር እንዲፈልግ ታዟል። ላሊበላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተቀመጠው መኪና አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የቀረውን ኮምፒዩተር ሲጣራ፣ መልስ ሲያጣ፣ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ ሲጠብቅ ይቆያል። የኔትወርኩንና የሌለውን ሃርድ ዲስክ ፍለጋ ከማስተካከያው ላይ ማጥፋት ብቻ ይበቃል፤ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ለያንዳንዱ ጨዋታ የተቀመጠው የሽፋን ሥዕል መብዛትም እንዲሁ ያዘገያል።

ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ኅዳር 2 ቀን 1999 ዓ.ም. በጃፓን ወጣ። ይህ መኪና ሃርድ ዲስክ በሆዱ የያዘ ነው፤ ለበርካታ ዓመታትም የሚደፍረው ጠፍቶ ነበር። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. በፍላሽ መልክ የተሠራ መክፈቻ ለገበያ ቀረበ። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በርሊን ላይ በተደረገ ስብሰባ የኩባንያው የምስጢር ፊርማ አሠራር ጉድለት እንዳለበት ጥቂት ወጣቶች በአደባባይ አሳዩ። ወዲያውም ቁልፉ ታትሞ ወጣ። «3.55» የሚለው ቁጥር በጠጋኞች ዘንድ የከበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁልፉ የሠራበት የሥርዓት ደረጃ ነውና።

የዚህ መኪና አነሣስ በላስታ ካለው የመብራት ጠባይ ጋር እጅግ የተያያዘ ነው። ሥራ ላይ ሳለ መብራት ድንገት ከሄደበት ሃርድ ዲስኩ ሲጽፈው የነበረውን ሳይጨርስ ይቆማል። መብራት ሲመለስ መኪናው በአግባቡ እንዳልጠፋ ያስታውሳል፤ ከመክፈቱ በፊትም ዲስኩን ይመረምራል። ምርመራው ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ እንጂ ብልሽት አይደለም። ነገር ግን መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሚመላለስበት ቦታ ምርመራውም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ደንበኛ ስለ ቸኮለ ምርመራውን አቋርጦ ገመዱን የሚነቅል ባለቤት ደግሞ በሕመሙ ላይ ሕመም ይጨምራል። ብዙዎች ይህን ለመከላከል ስታቢላይዘር ይገዛሉ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል እንጂ የሄደውን መብራት አያመጣም፤ ለዚህ የሚጠቅመው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። በርሱ የሚገኙት ጥቂት ደቂቃዎች መኪናውን በወጉ ለማጥፋት ይበቃሉ።

ዲስኩ በብዙ ጨዋታና በብዙ ድንገተኛ መጥፋት ምክንያት መዝገቡ ሲዛባ መኪናው ራሱ ያዘጋጀው መድኃኒት አለ። የማብሪያ ቁልፉን በሚገባው አኳኋን ተጭኖ በመያዝ «ሴፍ ሞድ» ወደሚባለው ዝርዝር ይገባል። በዚያ ከሚገኙት 6 ምርጫዎች ሦስተኛው የፋይሉን ሥርዓት ይጠግናል፤ አራተኛው መዝገቡን እንደ ገና ያዋቅራል። በነዚህ ሁለቱ የተጫኑት ጨዋታዎች አይጠፉም። አምስተኛው ግን ዲስኩን ፈጽሞ ባዶ ያደርጋል። ከአራተኛው እስከ አምስተኛው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ዝርዝሩም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የዓመታት ስብስብ በዚህች መስመር ስሕተት ሊያልቅ እንደሚችል ጠጋኝ የሆነ ሁሉ ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል። ስድስተኛውም ቢሆን በኩባንያው ማሻሻያ ከተሠራበት የተደረገውን ለውጥ ያጠፋዋል።

የላስታ ሰው ከፍታውንም ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም ከንቱ አይደለም። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ከዲስኩ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል። ስለዚህ የተራ ሃርድ ዲስክ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነች ከወሰኑ በታች ናት። ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲጠጉ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በዚያ ከፍታ ላይ የሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ መሆን ይኖርበታል። በላሊበላ ላለው መኪና የሳሳው አየር ዋና ጉዳት ማራገቢያው እንደ ቆላው ያህል ሙቀት አለመውሰዱ ነው፤ በበጋው አቧራ የተደፈነ ማራገቢያ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እንግዲህ ጠጋኙ ከየት ይጀምር? የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያጠናው እንግሊዛዊው የአርኬዎሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ሁሉም በአንድ ዘመን የተፈለፈሉ ሳይሆኑ ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት በየደረጃው የተሠሩ ናቸው የሚል አሳብ አቅርቧል። አሳቡን የማይቀበሉት አሉ። ዘዴው ግን የትኛው ቁፋሮ የትኛውን እንደሚቀድም ከዐለቱ ላይ ማንበብ ነው፤ ለመኪናውም የሚሠራው ይኸው ነው። በመጨረሻ የተጨመረው በመጀመሪያ ይነሣ። ከውጭ የተሰካው ሃርድ ዲስክና ፍላሽ ይነቀል። ዲስኩ ከቀዳዳው ከሚገኘው ኃይል በላይ ሲፈልግ መኪናውን የሚያስጠብቅበት ጊዜ አለና። ከዚያም በሦስተኛው ፕሌይስቴሽን ላይ በሚነሣበት ጊዜ የሚገቡት ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ያሉትን ጨዋታዎች በተበራ ቁጥር የሚቆጥሩት ይጥፉ። በየደረጃው ቁልፉ ከተጫነበት እስከ መክፈቻው ያለው ጊዜ በእጅ ሰዓት ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። ጊዜው በየትኛው ላይ እንዳጠረ ደብተሩ ይናገራል። ሁሉ ተነሥቶ መኪናው ራቁቱን ሲቀርም ከዘገየ ግን ጥርጣሬው ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ማሻሻያ ከመሞከር በፊት በዲስኩ ያለውን መገልበጥ ይቀድማል።

በአራተኛው ፕሌይስቴሽን ይህ ሁሉ መልኩን ለወጠ። መኪናው ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ወጣ፤ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ «9.00» የተባለውን ደረጃ የሚከፍት ዘዴ ታወጀ። የዚህ ዘዴ ለውጥ በመኪናው ላይ አይጸናም፤ መኪናው በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር መኪናው በፋብሪካ ጠባዩ ይከፍታል፤ የተገለበጠውን ጨዋታ ግን አያውቀውም። ባለቤቱ ብራውዘሩን ከፍቶ ገጹን ይጠራል፣ ሲታዘዝ የተዘጋጀ ፍላሽ ይሰካል፣ እሺ እስኪል ይጠብቃል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ገጹን አስቀድሞ በመኪናው ውስጥ ያላስቀመጠ ሰው ይህንንም ማድረግ አይችልም ነበር። ገጹ ያለው ሰውም ቢሆን ሁልጊዜ አይቀናውም። ሙከራው ካልያዘ መኪናው ደርቆ ይቀራል፤ ጠፍቶ እንደ ገና ይበራል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ልጆችም ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራሉ።